የአባዬ እርከን

ሰኞ፣ ጥቅምት 8። ማታ

ከመ/ቤት ውይይት መምጣቴ ነው። ጓድ ሊቀመንበሩ ያነባሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ ተ.ን በእርሳስ እሥላለሁ። አፍንጫው አልመጣልሽ አለኝ። ደብተሬ፣ ላንቺ አልደብቅም፤ ተ. ማለት ተክሌ ነው፣ የመሬት ጥናቱ ባለሙያ። እሱ ከመስክ የሚያመጣውን እኔ ካርታ ላይ አሰፍራለሁ። ሌላም ነገር አለ፣ ታውቂዋለሽ።

ቤት ስገባ አባዬ ያው በካርቶን ቁራጭ ላይ ቤቱን ይነድፋል። የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ የቦታ ዕጣ ከወጣለት ወዲህ ሥራው ይኸው ሆኗል። ቦታው ከኮተቤ በላይ፣ ተራራው ሥር። ከላይ በኩል ሰው የቆረጠው የሚመስል ረጅም እርከን አለው። በረንዳው የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ቁጭ ብሎ ቦሌ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ሊያይ! ዕድሜውን ሙሉ የአየር ማረፊያው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቶ ሲያርፉ አላየም። መስኮት አልነበረውማ። እናቴ በሕይወት ሳለች ጀምሮ የሚያልመው ይኼን በረንዳ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 14። ከሰዓት

ቦታውን አይተን መጣን። ተ.ም አብሮን። ለአባዬ የመ/ቤት ባልደረባ ነው ብያለሁ። ሰምቶ ፈገግ አለ፤ ሞኝሽን ፈልጊ ማለቱ ነው።

ተ. ተራራውን ትኩር ብሎ አየ። አባዬ ራቅ ሲል አስረዳኝ። ሸለቆዎቹን አየሻቸው? ከላይ ሆዳቸው ሰፊ፣ ከታች አንገታቸው ቀጭን፤ የተዘቀዘቀ ብርሌ። በመካከላቸው ያሉት የተራራ አፍንጫዎች ደግሞ ሁሉም በአንድ መስመር ተቆርጠው ሦስት ማዕዘን ሆነዋል። ጅረቱ ከአንገቱ ሲወጣ ድንጋዩን ሜዳው ላይ እንደ ሰፌድ ይዘረጋዋል። የአባዬ እርከን ያንን ሰፌድ እኩል ለሁለት ይቆርጠዋል። ውኃ የዘረጋውን ውኃ እንዲህ አይቆርጠውም።

ታዲያ ማን ቆረጠው? አልኩት። መሬቱ ራሱ። ከሥር ተሰብሮ፣ ተራራው ወደ ላይ፣ ሜዳው ወደ ታች። መቼ? አላውቅም አለ። አብቅቷል? እሱንም አላውቅም። ሳይቆፈር አይታወቅም።

ይኼን ሁሉ ሲያወራ ዓይኑ ጠጠሩ ላይ ነበር። እኔ አዲስ ሹራብ ለብሻለሁ እኮ! በጠጠር ቀናሁ፣ ጉድ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

አይ የዛሬው! ተ. እርከኑን አቋርጦ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ እኔ አፈር እየዛቅኩ፣ አባዬ ሳናስበው ከች አለ። ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ተ.ን አየው። ላቡን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የቤቱን መሠረት ሊቆፍርለት የመጣ መሰለው! የኔ አባት! ኮቱን አውልቆ ዶማ ያዘ፣ መረቀው፣ ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳያቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በጉልበቱ የመጣ ልጅ ይኼ ነው እያለ። ተ. ጆሮው ቀላ፣ መናገር አቃተው። እኔም ዝም።

ጉድጓዱ ግን ተናግሯል። የጠጠሩ ንጣፍ ቀጥ ብሎ ይመጣና እርከኑ ሥር ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ቀሪው ንጣፍ ከጉልበት በሚበልጥ ወደ ታች ወርዶ ተቀምጧል። ጠጠሩ ከተዘረጋ በኋላ መሬቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ነገም ሊንቀሳቀስ ይችላል። በረንዳው የሚሠራው ልክ ስብራቱ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ተጣላን። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ሻይ ቤት። ሻዬን ሳልጠጣው ወጣሁ።

ተ. የሚልካቸው ሽማግሌዎች እሁድ ይመጣሉ። እሺታውን እስክናገኝ ዝም በል አልኩት፤ ቤቱ እንደሆነ ነገ አይጀመር። አይሆንም አለ። ሰውየው መርቆኛል፣ በሐሰት ምርቃት ሚስት አላገባም አለ። አባዬ ቢቀየምስ? ቢከለክለንስ? እሱንም እችለዋለሁ አለ። እልኸኛ! በቅሎ! ድንጋይ ሲያይ ኖሮ ድንጋይ ሆነ።

መንገድ ላይ አለቀስኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 28። ማታ

መጡ። ከቦሌ ሚካኤል በእግራቸው፤ በቤንዚን ቁጠባው ምክንያት የዛሬው እሁድ ለመኪናቸው ታርጋ አይፈቅድም። የተ. አጎት ጋሽ በላይና ሁለት ሽማግሌዎች። ተ. እንደ ወጉ ቀርቷል። እኔ ከጓዳ በር ጀርባ።

አባዬ ተቀመጡ አለ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ይኼ ደንብ ነው። ከዚያ ጋሽ በላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅ ከመጠየቃችን በፊት ልጃችን አስቀድማችሁ ይኼን ንገሩልኝ ብሎናል አሉ። ጉድጓዱ መሠረት አይደለም። ከሥሩ መሬቱ የተሰበረ ነው። እርከኑ ላይ ቤት እንዳይሠሩ ይለምንዎታል።

አባዬ ቀስ ብሎ፣ መሠረት አይደለም? አለ። ድምፁ! ልቤ ቁርጥ አለ።

ከዚያ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ፤ አባዬም እንደ ወጉ ከዘመድ ጋር ልምከርበት ብሎ ለኅዳር ሚካኤል ቀጠራቸው። ራቱን አልበላም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 30

አባዬ መንደፉን ትቷል። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል።

ተ. መ/ቤት ውስጥ በሩቁ ያየኛል። ደብተሬ፣ ተናድጄበታለሁ። ግን ልክ ነበር። አባቴን ላታልለው ያልኩት እኔ ነበርኩ እንጂ እሱ አይደለም። እንዴት ነው የምወደው!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4። ከሰዓት

አባዬ በጠዋት ከዘራውን ይዞ ወጣ። ተከተልኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ጠጠሩ የተቆረጠበት ላይ እጁን ጭኗል።

ያ ልጅ አፉን ቢይዝ ኖሮ አንቺንም ምርቃቴንም ይወስድ ነበር አለኝ። ነበር፣ አልኩት። ዝም ብሎ ሽማግሌ ልኮ በኋላ ባውቅበት ግን አልሰጠውም ነበር አለ፣ ዝም በል ያልኩት እኔ መሆኔን ሳያውቅ። አንገቴን ደፋሁ።

ከጉድጓዱ ደግፌ አወጣሁት። ቤቱን ወደ ታችኛው ጥግ በከዘራው አሰመረው። ከዚያ ቦሌ አይታይም፤ የጎረቤት ግንብ ይጋርዳል። በረንዳው ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። አውሮፕላኖቹስ? አልኩት። አውሮፕላን አይቼ ጠግቤያለሁ አለ። ውሸቱን ነው! አቅፌው አለቀስኩ።

እርከኑስ? ስለው፣ ጉድጓዱ ይደፈንና በጥር የሠርጋችሁን ዳስ እዚያ ላይ እንጥላለን አለ። ሸራ ቢወድቅ ሰው አይገድል፤ መሬቱም ካሻው ከሙሽሮቹ ጋር ይጨፍር።

ለጋሽ በላይ ግን እስከ ሚካኤል ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ለተ.ስ? አልኩት። ያልሰማ መስሎ አለፈኝ፤ አሁን ቤት ገብተን ካርቶኑን እንደ አዲስ ይነድፋል። ዳሱ ስንት ሰው እንደሚይዝ አስቢልኝ እያለ እየጠራኝ ነው። መጣሁ አባዬ!