የቀሪ ሰፌድ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት

ይታይሽ፣ የለቀማ ጓደኛዬ፣ ዛሬም አልተሻላት። ሳሉ ደረቷን ይዞ አላስተኛት ብሏል። ትልቁ ልጇ ከመተማ ደውሎ እመጣለሁ ብሏል፤ ካምና ጀምሮ እየመጣ ነው። ትንሿ ከት/ቤት ቀርታ ታስታምማታለች። አጥሚት ይዤ ሄድሁ፣ ሁለት ጊዜ ፉት ብላ መለሰችልኝ። የእህል አቧራ ነው ይላል ሐኪሙ። እኔም የምውጠው እሱኑ ነው። ስንት ዘመን በነጋዴው በጌጡ መጋዘን ቁጭ ብለን ባቄላና ምስር ስንለቅም።

መጋዘን ያለው ጆንያዋ ግን አልጎደለም። ላንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ፤ ወጋችን ነው። አንዷ ስትቀር፣ ብትታመም፣ ብትወልድ፣ ሐዘን ቢደርስባት፣ ሁላችን ከለቀምነው አንዳንድ ሰፌድ እሷ ጆንያ ላይ እንገለብጣለን። የቀሪ ሰፌድ እንለዋለን። ጌጡ መዝኖ እንደ ለቀመች ይከፍላታል። ምን አላት፣ ምን የላትም የሚል የለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ማሽን መጣ። በሸራ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሙሽራ። ሰፌዳችንን ታቅፈን እናያለን። ከላይ ያፈሱበታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ገለባው በዚህ፣ ጠጠሩ በዚያ፣ ባቄላው ጥርት ብሎ ከፊት። የሳምንታችንን ሥራ እስከ ምሳ ጨረሰው። ጦቢያ፣ ከጎኔ የምትለቅመው፣ ይኸስ ሐሜት እንኳ አያውቅ፣ ምን ሥራ ያምርበታል ብላ አሳቀችን። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ከሰዓት መብራት ሄደ። ኑ ልቀሙ ተባልን፤ ሮጥን። መብራት መጣ። ተነሡ ተባልን። እንዲህ ሆኖ ይኖራል?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

እጄ ሥራ ፈትቶ ይበላኛል። የቤቴን የሽሮ አተር ሁለቴ ለቀምሁት።

ሰላም፣ ልጄ፣ ከደ/ታቦር መጥታለች፤ ኮሌጁ ዕረፍት ነው። የማሽኑን ነገር ብነግራት አልገረማት። በውጭ አገር የጽሕፈቱንም የሐሳቡንም ሥራ ማሽን እየያዘው ነው አለች። ስለዚህ ለሰው ሁሉ በየወሩ ገንዘብ ይሰጠው የሚሉ አሉ፤ ሀብታም ድሃ ሳይለዩ፣ ሥራ አለህ የለህም ሳይሉ። የሞከሩትም አሉ። በስልኳ አሳየችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ስማዳ ያለችው እህቴ ትዝ አለችኝ። ሴፍቲኔት ገብታ ለእርዳታው እርከን ስትሠራ ኖራ፣ አንድ ቀን ዶሮዋን ቆጥረው፣ በግም ገዝታለች ብለው፣ ተመርቀሻል፣ እርዳታው ይበቃሻል አሏት። በጓ ክረምቱን አልወጣችም። ምርቃቱ ግን አልተነሣም። ለሁሉ ከሆነ ዶሮ የሚቆጥር የለም ማለት ነው። ልቤን የገዛው ይኸ ነው።

ገንዘቡስ ከወዴት? ከማሽኑ ትርፍ ይላሉ አለች። ማሽኑ የማን ነው ብላት ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ጎረቤቴ እማሆይ ዘነቡ ሰምተው አልወደዱትም። እጅ ሥራ ሲፈታ ምላስ ሥራ ይይዛል አሉ። እውነት አላቸው፤ በነዚህ ቀናት ስንቱን አማሁት። ግን እሳቸውንም የሚያበላቸው ሰፈሩ ነው፣ ዛሬ ምን ሠሩ ያላቸው የለም። ይኸን አላልኋቸውም። ላንቺ ብቻ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ጌጡ አስጠራኝ። ማሽኑ ላይ እህል የሚያፈስና ጆንያ የሚሰፋ አንድ ሰው ይበቃዋል። «እታለም፣ አንቺ ሁኚልኝ» አለ። የወር ደመወዝ። መልሱ ለሰኞ።

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርሁ። ሰላም ያዥው እንጂ አለች፤ የቤት ኪራዩን የምታውቀው እሷ። ጦቢያ መንገድ ላይ አግኝታኝ ሰላምታዋን አሳጠረች።

ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ብይዘው፣ ይታይሽ ጆንያ ላይ ማን ይገለብጣል? እኔስ ስታመም? ማሽን አይቀር፤ የቀረ ሰው አያውቅ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12፣ ከቅዳሴ መልስ

ቅዳሴውን እንኳ በቅጡ አልሰማሁም፣ ይቅር ይበለኝ። ቆሜ ሰፌድ ሳስብ ነበር።

ለዓለሙ ሁሉ ይሆናል ወይ፣ አላውቅም። ለመጋዘናችን ግን ለምን አይሆንም? ማሽኑ ካጠራው ከየጆንያው አንድ ሰፌድ ለለቃሚዎቹ ይውጣ። ለታመመችም ለደኅናዋም፣ ሳይጠየቁ። ሥራውን የምይዘው በዚህ ነው። ጌጡ እምቢ ካለ ይቅር። ሰላም ይስቅብሻል አለች። ይሳቅ። ለምን እንደሚከብደው ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ከኛ ነበር የሚወጣው፣ አሁን ከሱ ነው።

ለጦቢያ ሐሳቤን ልኬባታለሁ። መልስ የለም።

ይህን ስጽፍ ይታይሽ መጣች፣ በልጇ ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ሰምታለች። ጦቢያም እሷ ዘንድ ነበረች ለካ። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«ነገ ጌጡ ዘንድ አብረንሽ እንሄዳለን» አለችኝ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ እየጠበቀች። «ጦቢያ ሰፌዷን ትይዛለች።»

ሰፌዱ ለምን አልኋት።

«ልኩን ረስቶት እንደሆነ እናሳየው።»