ጎላው ለአንዱ፣ ክዳኑ ለሌላው

ለክቡር ዳቶ ቃሲም፣ የሐምራዊው ፓርቲ ዕጩ
ለክቡር ሐጂ ራምሊ፣ የብርቱካናማው ፓርቲ ዕጩ
ባላችሁበት

የማን ስም ይቅደም የሚለው ነገር ሌላ ጠብ እንዳይጭር፣ ይህን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፌ በአንደኛው የአንዳችሁን፣ በሌላው የሌላችሁን ስም አስቀድሜያለሁ። አንዱ በዳቶ ደጋፊዎች ቡና ቤት በር ላይ፣ ሌላው በሐጂ ደጋፊዎች ቡና ቤት በር ላይ ተለጥፏል።

ክቡራን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንዴት ነው? ድምፅ ማጉያዎቻችሁስ? እኛ የኒቡንግ መንደር ሰዎች ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። መኪኖቻችሁ ገና ጎሕ ሳይቀድ ስማችሁን እየጠሩ ስለሚዞሩልን አውራ ዶሮዎቻችን መጮኹን ትተው ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ስለ ውለታችሁ እናመሰግናለን።

እኔ ሰላማህ ቢንቲ ደራማን እባላለሁ፤ መንደሩ አሳጥሮ ለማህ ይለኛል። ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው፤ በዚህ መንደር ሰርግም ሆነ ሐዘን ሲኖር የወጡን ጨው የምቀምሰው ላለፉት ሠላሳ ዓመታት እኔ ነኝ። ከዚህ የበለጠ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም፣ ፈልጌም አላውቅም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት፣ ባለፈው እሑድ ከሁለታችሁም ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ስለደረሱኝ ነው። አንደኛው የመንደሩን አራት ጎላዎች፣ ሁለተኛው የእነዚያኑ ጎላዎች ክዳንና ጉልቻ እስከ ረቡዕ እንድመልስ፣ ካልመለስኩ ለፖሊስ እንደምታመለክቱ ይገልጻሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድ ጉዳይ ስትስማሙ ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ቅሬታዬን በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ስለ ክፍፍሉ። ጎላዎቹን የገዟቸው አባቶቻችን ናቸው፣ ከየቤቱ አዋጥተው። አንዱ ጎላ ብቻውን ሁለት መቶ ሰው ያበላል። እዚህ አገር ሰው ልጁን ሲድር ምግብ አብሳይ አይቀጥርም፤ ጎረቤት ሁሉ ቢላዋውን ይዞ ይመጣል፣ ሴቶች ይልጣሉ ይከትፋሉ፣ ወንዶች ያማስላሉ፣ ድግሱ በደቦ ይደርሳል። ካለፈው ምርጫ ማግስት ኮሚቴዎቻችሁ የጋራ ዕቃ ቤታችንን ለመካፈል ሲቀመጡ፣ እኔ የዋህዋ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጎላ ከነክዳኑ ይደርሰዋል ብዬ ነበር። እነሱ ሦስት ቀን ሙሉ ከተጨቃጨቁ በኋላ ጎላው በሙሉ ለሐምራዊው፣ ክዳኑና ጉልቻው በሙሉ ለብርቱካናማው እንዲሆን ተፈራርመው ተነሡ። ምነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ጸሐፊ፣ “እማማ ለማህ፣ ሁለት ሁለት ከተካፈልንማ እነሱም ሊደግሱ አይደል እንዴ?” አለኝ። ይህ ጥበብ የት ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ብትጠቁሙን፣ ልጆቻችንን ወደዚያ ላለመላክ ይረዳን ነበር።

ሁለተኛ። ስለ ወንድሜ። ያኩብ ካቻምና ሲሞት፣ ለሦስተኛው ቀን ጸሎት የሚመጣውን ሰው ማብላት ነበረብን። ጎላው መጣልን፤ በጉልቻው ፈንታ ድንጋይ ለቅመን ጎለትን። ክዳኑ ግን አልመጣም፤ ምክንያቱም ክዳኖቹ የሚቀመጡት በታናሽ እህቴ በሚናህ ቤት ነው፣ ባሏም የብርቱካናማው የመንደር ሊቀ መንበር ነው። የገዛ ወንድሟ ሐዘን ላይ አልደረሰችም፤ እኔም ሄጄ አልለመንኳትም፣ ያን ጊዜ ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን ነበር። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ዝናብ መጣ። ወንዶቹ ቢጨንቃቸው የዳቶን የዒድ መልካም ምኞት ሸራ ከአጥር ላይ አውርደው ጎላው ላይ ዘረጉት። ክቡር ዳቶ፣ ፈገግታዎ እንፋሎቱን እስከተወሰነ ሰዓት ቻለው፣ ከዚያ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወጡ ውስጥ ገባ። ወንድሜን የቀበሩ ሰዎች ፊት የላስቲክ ሽታ ያለው ወጥ አቀረብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሦስተኛ። ስለ ቅስቀሳው። የሁለታችሁንም ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሞና አዳምጫለሁ። ዳቶ፣ ሐጂ ራምሊ ሌባ ነው ብለዋል። ሐጂ፣ ዳቶ ቃሲም ውሸታም ነው ብለዋል። ሁለታችሁንም ስላመንኳችሁ ማንን እንደምመርጥ ቸግሮኛል። ስለ ተሰበረው ድልድያችን ግን ከሁለታችሁ አንድ ቃል አልወጣም።

አራተኛውና ደብዳቤ ያጻፋችሁ ጉዳይ የልጄ የሐስሊና ሰርግ ነው። ሰርጉ ባለፈው ዓርብ እንዲሆን ተቆርጦ፣ ስድስት መቶ ሰው ተጠርቶ ነበር። የሐምራዊው ሰዎች ብርቱካናማዎቹ ካልቀሩ ጎላ አንሰጥም አሉ፤ ብርቱካናማዎቹ ሐምራዊዎቹ ካልቀሩ ክዳን አናወጣም አሉ። ሐስሊና፣ “እማ፣ ይቅርብኝ፤ ከተማ ሄደን እንፈራረማለን” አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ድሬ የራሴን ልጅ እንደ ሌባ በጓሮ በር ላስወጣት ነው?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለታችሁም በሁለት ሜዳ ስብሰባ ስለጠራችሁ ወንዶቻችን ሁሉ ባንዲራቸውን ይዘው ሄዱላችሁ፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ። መንደሩ ለሴቶች ቀረ፤ ሐስሊና ያለችኝም በየጓዳው ተሰምቶ ነበር። መጀመሪያ የመጣችው የሐምራዊው ሊቀ መንበር ሚስት ናት፣ ጎላዎቹን አንድ በአንድ በመንገዱ ላይ እያንከባለለች። ባለቤትሽ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞት ሄዶ የለም ወይ ብላት፣ “ቁልፉን ይዞት ሄዷል፤ በሩን ግን ትቶት ነው የሄደው” አለችኝ። ከማጠፊያው ነቅላው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሚናህ አራቱን ክዳንና ጉልቻዎቹን በእጅ ጋሪ እየገፋች ደረሰች። ዓይኔን ሳታይ፣ “ክዳኑን ላደርስ ነው የመጣሁት። አንቺን ላናግር አይደለም” አለች። “እሺ፣ ሳታናግሪኝ ያን ኮኮናት ፈቅፍቂልኝ” አልኳት። ተቀመጠች። ሌሎቹም ከሁለቱም ወገን ቢላዋቸውን እየያዙ ተከተሉ፣ የወንድ ሥራ የነበረውን ማማሰልም እኛው በተራ ያዝነው። አመሻሹ ላይ ሚናህ ከጭልፋው ቀምሳ፣ “ለማህ፣ ጨው አንሶታል” አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በአራት ዓመት እህቴ በስሜ ጠርታ ስታናግረኝ ይህ የመጀመሪያው ሆነ፤ እውነቷንም ነበር፣ ጨመርኩበት።

ዓርብ ዕለት ሁለታችሁም በክብር ተገኝታችሁልናል። ዳቶ ከጁምዓ በፊት መጥተው በሉ፣ ሐጂ ከጁምዓ በኋላ መጥተው በሉ፤ ከአንድ ጎላ ነው የተቀዳላችሁ። ሁለታችሁም ፎቶ ተነሥታችሁ ወጡን አሞገሳችሁ፣ ሐጂ እንዲያውም አስደገሙ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ማኅተማችሁን ላካችሁ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አልመልስም።

ጎላዎቹ ከነክዳናቸው፣ ከነጉልቻቸው ጓሮዬ ናቸው። ጠባቂዎቹ እኔና ሚናህ ነን፤ ሰርግ ወይም ሐዘን ያለበት ሰው ማንን እንደመረጠ ሳይጠየቅ ይወስዳል፣ አጥቦ ይመልሳል። ፖሊስ ብትልኩ ቤቴ ክፍት ነው፤ አንዱን ጎላ ለማንሣት ግን አራት ሰው ያስፈልጋልና ከሁለታችሁም ደጋፊዎች ሁለት ሁለት ብታዋጡ ይመረጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለውን እኛ በየምርጫው ስለኖርነው አዲስ አይሆንብንም። እናንተ ግን ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለውን ብታስቡበት፣ የቀረው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጊዜያችሁን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጉሮሯችሁ ጤንነት፣ ለሸራዎቻችሁ ዝናብ የማይበግረው ቀለም፣ ለሁለታችሁም የማይጠፋ የምግብ ፍላጎት እየተመኘሁ፣ በማይናወጥ አክብሮትና በማይናወጥ እምቢታ እሰናበታለሁ።

ታዛዣችሁ ያልሆንኩት
ሰላማህ ቢንቲ ደራማን
ኒቡንግ መንደር

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ምርጫ በሁለታችሁ መካከል የነበረው ልዩነት አርባ አንድ ድምፅ መሆኑን ሚናህ አስታወሰችኝ። ሐሙስ ዕለት ቢላዋ ይዘን የተቀመጥነው ሴቶች መቶ አሥራ ስምንት ነበርን። ቅዳሜ ድምፃችንን ለማን እንደምንሰጥ ገና አልተነጋገርንም፤ ረቡዕ ማን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንደሄደ አይተን ሐሙስ እንወስናለን።