በአሥራ ሦስት የተወለዱ ጠቦቶች

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ። አራት ጠቦት መዘንኩ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ያንን መልእክት ደግሞ አመጣ፤ የበጎቹ መዝገብ ፕሮግራም አዲስ እትም ወጥቷል፣ ይጫን? ሳምንት ሙሉ "ቆይ" እለው ነበር። ዛሬ እዚህ ዘመሮ ከተማ መብራትም ኔትወርክም ስላለ እሺ አልኩት። መጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጪ ይላል። ፍላሹን አለቃዬ አትናቴዎስ ደብረ ብርሃን ይዞት ሄዷል... አለፍኩት። በሃያ ደቂቃ አለቀ። ፈጣን ሆኗል። ደስ አለኝ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

የስድስት ወር ጠቦቶችን ዝርዝር አወጣሁ። ፕሮግራሙ የጠቦቱን ክብደት ከዕድሜው ጋር አስልቶ ደረጃ ይሰጣል። ከላይ ያሉት ለመንደሩ አውራ ሆነው ይቀራሉ፤ ከታች ያሉት ዘጠኙ ይኮላሻሉ። የበግ ዝርያ ማሻሻያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

"የእታገኝ ጠቦት ከታች? ያ ጎረምሳ?"

"ሒሳቡ እንደዚያ አወጣው፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ ሒሳቡ ካለ..."

ፈረሙ። አሥራ ሁለት ዓመት ያመኑት ሒሳብ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ይታየው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከእነ እታገኝ መንደር፣ ከጓሳ ተራራ ማዶ ይጀምራል።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ከፕሮግራሙ ድጋፍ ክፍል ኢሜይል መጣ፣ ለተጠቃሚዎች ሁሉ። "አዲሱን እትም የጫናችሁ፣ የጻፋችኋቸውን ቀኖች አረጋግጡ።" ሌላ ማብራሪያ የለውም። ለማየት ያህል የእታገኝን ጠቦት መዝገብ ከፈትኩ። የተወለደበት ቀን ኅዳር 13፣ 2017።

ኅዳር? ጳጉሜን ላይ አይደል እንዴ የተወለደው? በዚያ ጭቃ ሄጄ የመዘንኩት እኔው ነኝ።

ሌላ ከፈትኩ። ጥቅምት 13። ሌላ። ታኅሣሥ 13። ስድስት ጠቦቶች፣ ሁሉም በ13 ቀን የተወለዱ። ስድስቱም ከሚኮላሹት ዘጠኝ ውስጥ።

አዲስ አበባ ድጋፍ ክፍል ደወልኩ። ትሕትና የምትባል ልጅ አነሳች።

"እትዬ፣ ቀኑን እንዴት ነበር የሚጽፉት?"

"ጳጉሜን ሦስት ከሆነ፣ 3/13።"

"ውይ... የድሮው እትም የጻፉትን እንዳለ ነበር የሚያስቀምጠው። አዲሱ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን አድርጎታል።"

የስድስት ወሩ የእታገኝ ጠቦት የአሥራ ስድስት ወር ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። ለዚያ ዕድሜ ክብደቱ የከሲታ ክብደት ነው።

"ቅጂ አስቀምጠዋል አይደል?"



መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የይታየው ስልክ አይሠራም። ትናንት ተነስቷል አሉኝ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ለአትናቴዎስ ደወልኩ።

"ለማን ነገርሽ?"

"ለድጋፍ ክፍሏ ልጅ ብቻ።"

"ጥሩ። እስክደውልልሽ ጠብቂ። ገበሬው ይህን ከሰማ ሁለተኛ ጠቦት አያስመዝንም።"

ጠበቅኩ። ስድስት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት... አልደወለም። ስጠብቅ የመስክ ደብተሮቼን አገላበጥኩ። የስድስቱም ቀን በእጅ ጽሑፌ አለ። ቀኑ ይመለሳል። የተኮላሸ ጠቦት ግን አይመለስም።

መሄድ እችል ነበር። ለምን አልሄድኩም? ፈርቼ ነው። መንገዱን አይደለም። ስደርስ የምናገረውን።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

አልደወለም። ጎህ ሲቀድ የጎረቤቴን የአወቀን በቅሎ ለምኜ ወጣሁ። ጓሳ ላይ ጉም። የበቅሎዋ ጆሮ እንኳ አይታይም። ሁለቴ መንገድ ሳትኩ፤ ሁለተኛው ላይ ገደል አፍ ላይ ነበርን፣ እሷው አልሄድም ብላ ቆመች። ወርጄ ልጓሟን ይዤ በእግሬ መራኋት።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ይታየው እጁን እየታጠበ ነው። ውሃ የምታፈስለት እታገኝ።

"ስንቱን ሠራህ?"

"ገና አንድ። ምን ሆነሻል? አመድ መስለሻል።"

"የማንን?"

በአገጩ ወደ እታገኝ አመለከተኝ። ጠቦቱ አጥሩ ጥግ እግሮቹን አንፈርክኮ ቆሟል። አይበላም።

"ጽናት፣ ልትሸኚው መጣሽ?" አለች እታገኝ። "አሳፈረኝ እኮ። ይሁን፣ ሙክትም ይሸጣል።"

ሌሎቹን ኮሚቴው አዘግይቷቸዋል አልኩ። ዋሸሁ። ተመለስኩ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አትናቴዎስ ደወለ። የሆነውን ነገርኩት። "አምስቱ ተርፈዋል አይደል? በቃ። አንድ ጠቦት ነው። ማንም አያውቅም።"

እውነቱን ነው። ማንም አያውቅም።

በትክክለኛው ቀን እንደገና አሰላሁት። ከስልሳ አንድ ጠቦት የእታገኝ አንደኛ ነው። በብዙ ርቀት አንደኛ... አውራ የሚሆነው እሱ ነበር። የልጅ ልጆቹ መንደሩን ሁሉ ይሞሉት ነበር።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ሄድኩ። በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት፣ ሳልቀመጥ። ብቀመጥ አልናገርም ነበር።

"ጠቦትሽ ደካማ አልነበረም። አንደኛ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ረቡዕ።"

"ሐሙስ ምን ትሠሪ ነበር?"

"ስልክ ስጠብቅ..."

"ስልክ!" ሳቀች። እንደዚህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። "እኔ ጎረቤት ፊት 'ይሄ ከሲታ፣ በከንቱ አበላሁት' እላለሁ። ለካ የከሳው ያንቺ ወረቀት ነው!"

ወደ መንገዱ ዞርኩ።

"በይ ሂጂ። ቆዪ፣ ውሻው ይነክስሻል።" እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ለጋሽ ገብረ ክርስቶስም ነገርኩ። ዝርዝሩን ተቀብለው ፊርማቸው ላይ ቀደዱት። አትናቴዎስ ስልኬን አያነሳም። ያባርረኝ ይሆን?

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ትሕትና ማስተካከያውን ላከች። አሁን ወሩ በስሙ ነው የሚጻፈው። ከመጫኔ በፊት ሦስት ቅጂ አስቀመጥኩ። እንዲያም ሆኖ "እሺ" የሚለውን ለመጫን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

በእነ እታገኝ መንደር የመመዘኛ ቀን። ሚዛኑን ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሳምንት አለቀ?

ወደ አራት ሰዓት አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ሌላ ጊዜ ሠላሳ ይመጣሉ፤ ዛሬ አሥራ አንድ።

እታገኝም መጣች። ጠቦት አልያዘችም። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ልታዘዝ?" አልኳት።

"ምንም። ላይሽ ነው።"

እንድትሰማ እያንዳንዱን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጻፍኩ። የባለቤት ስም፣ የጆሮ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ ነጠላ ወይ መንታ መሆኑ፣ ክብደት። ስምንተኛው ላይ ደረስኩ።

"የመርስዔ ኃዘን። ነጠላ። አሥራ አራት ኪሎ..."

"ነጠላ?" አለች እታገኝ ከጆንያው ላይ። "መንታ ነው እንጂ! አንደኛዋን ቀበሮ በላት፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስለሞተች አልተወለደችም ልትይ ነው?"

መርስዔ ኃዘን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መንታ ሆኖ አሥራ አራት ኪሎ መድረስና ነጠላ ሆኖ መድረስ አንድ አይደለም፤ ደረጃው ይለወጣል። ሌላ ጠቦት ላበላሽ ነበር።

ሰረዝኩት። መንታ ብዬ ጻፍኩ። እታገኝ ከጆንያው ተነስታ፣ አንገቷን አስግጋ እስክጨርስ አየችኝ።

"ቀጥይ" አለች።