ሃሩን ይዞት የወጣው ድስት

ለምወድሽ እህቴ ለዘሀራ፣

የአላህ ሰላም በአንቺ፣ በልጆችሽና ቡታጅራ ባለው ደጃፍሽ ላይ ይሁን። እኛም መካኒሳ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስደውልልሽ ሃሩን ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ይኸው ጽፌ በሰው ላክሁልሽ።

ባሌ ሥራው እንደምታውቂው ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በየምግቡ ያለውን ብረትና ዚንክ፣ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ማዕድን ጭምር ይመረምራል። በቀደም ከእኛም ቤት ጎመንና ሽሮ ወሰደ። ከዚያ ደሜን አስቀዳኝ፤ "ለማወዳደር ነው" አለኝ።

ሰሞኑን ደግሞ ለሰርጌ የሰጠሽኝን ድስት ይዞት ወጣ። ቅር እንዳይልሽ፣ ድስቱን እንደምወደው ታውቂያለሽ። የት እንዳደረሰው ስጠይቀው "አሮጌ ብረታ ብረት አቅልጠው የሠሩት ነው፤ ሌላ እገዛልሻለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያበስለው እሱ ነው። ጎረቤቴ በቀለች "ምን ዓይነት ባል ነው እግዜር የሰጠሽ!" እያለች ትቀናብኛለች።

ትናንት ምሳ ላይ "የደሜ ውጤት መጣ ወይ?" አልኩት።

"መጥቷል፤ ደህና ነው። ነገ ግን ድጋሚ ትቀጃለሽ።"

"ደህና ከሆነ ድጋሚ ለምን?"

የራሱን ወተት ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

እህቴ፣ አናስን ስታረግዢ ሆድሽ ውስጥ መንቀሳቀስ የጀመረው በስንተኛው ወር ነበር? እኔ አምስተኛዬን ጨርሻለሁ፤ እስካሁን ምንም አልተሰማኝም። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ዱዓሽ አይለየኝ። መልሱን በስልክ እንዳትነግሪኝ፣ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ ሀኒፋ