ሰልፉን የሚያወጣው ማን ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፬

ቡድን ሲሸነፍ ጥፋቱ የማን ነው? የበረኛው? የአሠልጣኙ? ወይስ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው የፕሬዚዳንቱ? ኳስ ሜዳ ዳር ቆሞ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ዛሬ መልሱን በወረቀት ላይ አወጣሁት!

ያዘዙኝ አለቃ ውብነህ ናቸው፤ የክለባችን ፕሬዚዳንት። የደብር አስተዳዳሪ ናቸው፤ ነጭ ጥምጣም፣ ጥቁር ጃንጥላ። ደብተራ የኳስ ክለብ ሲመራ መጀመሪያ ከተማው ሁሉ ስቆ ነበር አሉ። ነገር ግን ልጆቹ ታኬታና ማልያ ያገኙት በእሳቸው ነው። በየደብሩ ዞረው ሽማግሌ ለምነው።

«አንተ አስተዳደር ተምረህ መጥተሃል። ክለብ እንዴት እንደሚመራ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ከአዲስ አበባ ተመርቄ ከመጣሁ ክረምቱ አልፏል። ምደባዬ ግን የለም። ሥራ ይበሉኝ እንጂ ዛፍ ውጣ ቢሉኝም እወጣለሁ። ሣጥን በሣጥን አድርጌ ሣልሁት። ከላይ ፕሬዚዳንቱ። ከሥራቸው እኔ ጸሐፊው፣ ከጎኔ ገንዘብ ያዡ። ከዚያ በታች አሠልጣኙ፣ አምበሉ፣ ዕቃ ያዡ። ከላይ ወደ ታች አንድ ወፍራም ቀስት፤ አጠገቡ «ያዛል» የሚል ቃል፣ በቀይ ቀለም።

አለቃ አይተው «ሸጋ ነው!» አሉ። እስከ ጆሮዬ ሞቀኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፭

ጧት ልምምድ። ሜዳው አመዳይ ለብሷል። ጣቶቼ አልታዘዝ እስኪሉኝ ቆሜ አየሁ።

አሠልጣኛችን ባሻ ደምሴ ከጦር ሠራዊት የወጡ ሰው ናቸው፤ ኳስን እዚያ ነው የተማሩት። ስለ እሳቸው ብጽፍ ደብተሩ አይበቃኝም። አይጮሁም። ልጅ ሲሳሳት ጠርተው በጆሮው ይነግሩታል፤ ምን እንዳሉት ሌላው አያውቅም። ሁለት ልጆች ሲጣሉ ባሻ አይገቡም፤ አምበሉን ብቻ ያዩታል፣ እሱ ሄዶ ይገላግላል። ረዳት ስለሌላቸው ኳሱን የሚነፉት ራሳቸው፣ መስመሩን በአመድ የሚያሰምሩት ራሳቸው ናቸው።

ሥዕሌን በኩራት አሳየኋቸው።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«እዚህ፣ ባሻ።»

«ከዕቃ ያዡ ጎን?» ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩት። «ምነው፣ ከኳሱ በላይ ማድረግህም አንድ ነገር ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ከድር የተባለው አጥቂያችን፣ የአዲስ አለም ሠፈር ልብስ ሰፊ፣ «ጸሐፌ ትእዛዝ፣ እኔን ሣጥን ውስጥ እንዳትከተኝ፣ ይጠበኛል» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ግን ቆረቆረኝ።

እሑድ ከአዘዞ ወታደሮች ጋር እንጫወታለን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፮

ጉድ ፈላ።

አለቃ የእሑድን ጨዋታ ሰልፍ ራሳቸው አወጡ። እንዴት? ከአንድ ደብር አንድ ልጅ ብቻ!

«በዚህ ከተማ አርባ አራት ታቦት አለ» አሉኝ። «ከአንድ ደብር አራት ልጅ ተሰልፎ ሌላው ቢያኮርፍ ማን ያስታርቀኛል?»

«አለቃ፣ እሱ እንኳ የባሻ ሥራ...»

ሥዕሌን ከፍተው ቀስቱን በጣታቸው ነኩት። «ያዛል ብለህ የለ?»

እኔው ነኝ የጻፍሁት።

ሰልፉን አየሁት። መሐል ተጫዋች አምስት። በግራ እግሩ የሚመታ የለም። በረኛም የለም! በረኛችን ከአምበሉ ጋር የአንድ ደብር ልጅ ስለሆነ ቀርቷል። ከድርም የለበት። እስላም ልጅ ደብር ከየት ያምጣ?

ባሻ ሲሰሙ ምንም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩት። «የሚያዝዝ ሰው ያሠልጥን። አዘዞዎች ከአምና ጀምሮ ና ይሉኛል። እሑድ ይለፍ፣ እሄዳለሁ።»

ከድር ማልያ እየጣፈ ነበር። «ስለት ልሳልና አንዱ ደብር ይቀበለኝ ይሆን?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሱ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ወደ ስፌቱ አቀረቀረ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፯

አለቃ ቤት ሄድሁ። የሉም፤ ለቅሶ ሊደርሱ ፀዳ ሄደዋል። ከሰዓት ተመለስሁ። አልመጡም።

ሥዕሉን እንደገና ሣልሁት። ሁለት ቀስት። ቀደድሁት። ሦስት ቀስት። እሱንም።

ባሻ ከሄዱ ምን ይቀራል? ማልያ ይቀራል። ታኬታ ይቀራል። እኔና ቀይ ቀለሜ እንቀራለን። ልጆቹን ቡድን ያደረጋቸው ሰው ግን አዘዞ ሆኖ ያሸንፈናል።

ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፰

አለቃን አገኘኋቸው። አልተበገሩም። ግን ሰው ናቸው፤ አስቀምጠው አስረዱኝ። «ሽማግሌዎቹ የሚያዋጡት ልጃችን ይታይልናል ብለው ነው። ነገ ቢቀየሙ ኳስ የሚገዛው ማን ነው? ባሻ ይህን አያስብም። ማሰብ የኔ ዕዳ ነው።»

እውነት አላቸው። ባሻም እውነት አላቸው። ሁለት እውነት ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፱

ብዙ ነገር። ቶሎ ልጻፍ።

ጧት አለቃ ደብር ሄድሁ። ማኅሌቱ ላይ መሪጌታው ደብተራዎቹን ቀኝና ግራ አሰልፎ ነበር። አንዱን የደብሩን ሰው፣ ድምፁ የሰለለውን፣ ወደ ኋላ አደረገው። ከእንፍራንዝ የመጣ እንግዳ ግን ከፊት አቆመ። አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩ ነበር። በአሰላለፉ አልገቡበትም።

ቅዳሴው እንዳለቀ ቅጥሩ ውስጥ ጠበቅኋቸው።

«አለቃ፣ ያ እንግዳ ከፊት ሲቆም የየት ደብር ነው ብለው ጠየቁ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ድምፁን የሚያውቀው መሪጌታው።»

«እሱን ተው፣ ያንን አቁም ቢሉትስ?»

«ለመሪጌታ? በመቋሚያው ነዋ የሚለኝ!» ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉት። «መሪጌታውን የምሾመው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

«ባሻንም የሾሙት እርስዎ ነዎት።»

«አንተ ልጅ ተንኮለኛ ነህ» ብለውኝ ሄዱ። ተቆጡ? አልተቆጡ? እስከ ከሰዓት አላወቅሁም።

ከሰዓት ሜዳ ከሁላችን ቀድመው ተገኙ። ፊሽካውን ከእጄ ተቀብለው ለባሻ ሰጡ። «ሰልፉን አንተ ያዝ። ደብሮቹን ለኔ ተውልኝ።» ባሻ እጅ ነሡ።

በረኛችን ገባ። ከድር ገባ። ከድር ከሩቅ የመታት ኳስ ስትገባ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ግን ሁለት አገቡብን። ተሸነፍን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ፈንታ፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ መጡ። «አለቃ! የኛ ልጅ ቢሰለፍ ይህ ውርደት ይመጣ ነበር?»

«አያ ፈንታ፣ ሰልፉ የባሻ ነው። ባሻን የሾምሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስድቡን ወደዚህ ያምጡት።»

አመጡት። ኧረ አመጡት! አለቃ ቆመው ተቀበሉ። ከወዲያ ማዶ ባሻ ልጆቹን በዙሪያቸው አስቀምጠው ያወራሉ፤ ወደ እነሱ አንድም ሰው አልሄደም። ፕሬዚዳንት ማለት ለካ ይህ ነው። ይህንን የትኛውም መጽሐፌ አልነገረኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳

ባሻን ስለ አዘዞ ጠየቅኋቸው።

«ረዳት ካገኘሁ እቀራለሁ። ብቻዬን ግን ደከመኝ» አሉ።

«እንፈልጋለን፣ ባሻ!»

«አግኝቻለሁ። ብርድ ላይ ቆመህ የምታይ አንተ ነህ፤ አለቃንም የመለስኸው አንተ ነህ። ጸሐፊነቱን ግን ትተዋለህ። ጧት ከኔ ጋር ሰልፍ መክረህ፣ ማታ ከአለቃ ጋር ሽማግሌ ስታግባባ አይሆንም። አንዱን ያዝ። ነገ ጧት ንገረኝ።»

ደስታዬ! ወደ ቤት እየሮጥሁ መጣሁ። በር ላይ የአለቃ መልእክተኛ ቆሟል። አለቃ ስለ እኔ ማዘጋጃ ቤት ሰው አነጋግረዋል፤ የክለቡን ጸሐፊነት አጥብቄ ከያዝሁ፣ ይህንኑ ምስክር አድርገው ያስቀጥሩኛል።

እንግዲህ እንጀራዬ ወዲህ፣ ባሻ ወዲያ። ወደ ሜዳው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ። ልቤ የሚያዘነብልበትን አውቀዋለሁ። እናቴ ምን እንደምትልም አውቃለሁ።

አንተ ይህን ደብተር አንድ ቀን የምታነብ፣ ማንም ሁን፣ በኔ ቦታ ብትሆን ለባሻ ምን ትላቸው ነበር? ከዚህ በታች ያለውን ገጽ ባዶ ትቼልሃለሁ። ጻፍልኝ።