የተቀየረ ጨዋታ፣ ያልተመለሰ ዋንጫ

አስመራ፣ ጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አቶ መንግስትኣብ፣
የሰፈራችን ወጣቶች ክበብ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ብስክሌትዎ ሰንሰለት ሳይንቋቋ ይዙር፣ ጉልበትዎም የሓዝሓዝን ዳገት ሳያቃስት ይውጣ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በትግርኛ መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ከሰው ሁሉ ጋር በትግርኛ ሲያወሩ ውለው፣ እኔን ከውድድር ያስወጡኝ በትምህርት ቤት በተማሩት አማርኛ ስለሆነ፣ መልሱም በዚያው እንዲደርስዎ ፈቀድኩ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ በክበቡ ኮምፒዩተር ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ስማቸውን መጥራት እንኳ የሚያቅተን የሩቅ አገር ሰዎች ነበሩ። እኔ የጨዋታውን ፋይል ከፍቼ ስማቸውን በሰፈራችን በማይ ጭሆት ልጆች ስም ተካሁ፤ ማሊያቸውንም ነጥብ በነጥብ ቀባሁ። ክረምቱን ሙሉ ሰፈሩ በዚህ ሲጫወት ከረመ። ባለፈው ሳምንት ግን እርስዎ የድሮውን መልሰው ጫኑና፣ በአባቴ ሻሂ ቤት ደጃፍ፣ በሰው ፊት፣ "ኣይኮነን፣ አይሆንም ዘሚራ፣ ጨዋታ የሚቀይር ተጫዋች ኣይደለም" ብለው ስሜን ከእሑዱ ውድድር ሰረዙ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፦

1. ተጫዋች ማለት የተሰጠውን ሳይነካ የሚጫወት ከሆነ፣ የብስክሌትዎ ነገር ያሳስበኛል። መሪው ከአንዱ ብስክሌት፣ ኮርቻው ከሌላው የመጣ ነው፤ የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ ደግሞ ለዳገት እንዲመች በገዛ እጅዎ ቀይረውታል። ከፓራዲዞ እስከ መሃል ከተማ ሲበሩበት ግን ብስክሌተኛ አይደሉም ያለዎት የለም። እኔም አልልም፤ ነውር ነው።

2. "ታበላሻለች" ብለውኛል። ዋናውን ጨዋታ ለብቻው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ መልሰው የጫኑትም እሱኑ ነው። ስላገለገልኩዎት ደስ ብሎኛል።

3. ይህኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። የሰፈራችን ልጅ ረዳኢ እግሩን በጦርነት እንዳጣ ያውቃሉ። እኔ በጨዋታው በቀኝ ክንፍ አሰለፍኩት፤ እሱም በገዛ ስሙ ሲሮጥ አይቶ ሰው እስኪደነግጥ ሳቀ። እርስዎ ፋይል አጠፋሁ ይሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ረዳኢን ከሜዳ አስወጡት እላለሁ። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ስለ አባታዊ ተግሣጽዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። የቀየርኩት ጨዋታ በዲስክ ተገልብጦ ቤቴ አለ፤ እሑድ ከረዳኢ ጋር ይዤው እመጣና ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያስነሣኝ ካለ በትግርኛም በአማርኛም ምክንያቱን ይንገረኝ።

ለክብርዎ ከእርስዎ በላይ የምጠነቀቅ፣
ዘሚራ ኢንድሪስ
የማይ ጭሆት ተጫዋች

ድኅረ ጽሑፍ፦ በክበቡ መደርደሪያ ላይ የሚያበራው ዋንጫዎ በነሐሴው ውድድር የተገኘው እኔ በቀየርኩት ጨዋታ ነው፤ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው ዘጠኝ ቁጥሩ "መንግስትኣብ"ም የእጄ ሥራ ነው። ያ ጨዋታ ካልነበረ ዋንጫውን ይመልሱ፤ ከነበረ ደግሞ ስሜን ይመልሱ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ እንደማይወጣ እንድነግርዎ፣ ረዳኢ እየሳቀ ልኮኛል።