የሰባት ባጃጅ ሰርገኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእረፍት

እጄ ጠመኔ በጠመኔ ነው፣ አንቺ ደብተር። ገጽሽን ባቆሽሽ ይቅር በይኝ። ሦስተኛ ክፍሎቼ የስድስትን ማባዣ ጨረሱ። በጩኸት ሳይሆን በተረት! ስድስት ዝንጀሮዎች ባኮ በቆሎ ማሳ ገብተው አራት አራት እሸት ሰረቁ። ጠባቂው ስንት ጎደለው? ሃያ አራት! ክፍሉ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ገመቹ በመስኮት አዩኝ። ቢሮ ተጠራሁ። ተረት በአማርኛ ክ/ጊዜ ነው፣ ሒሳብ እንደ ድሮው በቃል ይጠና አሉ። አርብ ከዞን ሱፐርቫይዘር ይመጣል። እሱ ካልወደደው ሒሳቡን ነጥቀው ለሌላ መምህር ሊሰጡብኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን! በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ውስጤ ግን ተቃጥሏል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፤ ከቀኑ 9፡30

ፈራሁ። እውነቱን ለአንቺ ብቻ። አርብ የድሮውን ላድርግ ይሆን? ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ እያስጮህኩ? ማንም አይነካኝም።

ግን ኩለኒ አለች። ክፍል የደገመች ልጅ፣ ከአምና ጀምሮ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ። ዛሬ በር ላይ ጠብቃኝ ዝንጀሮዎቹ ተያዙ ወይ አለችኝ። ወሰንኩ። ተረቱ ይቀጥላል፣ የመጣው ይምጣ።

የሰባትን ጻፍኩ። ሰባት ባጃጆች ሙሽራ ሊያመጡ ከአምቦ ጉደር ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ ሦስት ሰርገኛ። የሙሽራዋ እናት ስንት ሰሃን ታዘጋጅ?

አርብ፣ ጥቅምት 15፤ 6፡30

ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ወንበር፣ ኦቦ ገመቹ አጠገቡ። ተረቱን ነገርኩ። ስንት ሰሃን? ክፍሉ በአንድ ድምፅ፦ ሃያ ስምንት!

ሃያ አንድ ማለት ሲገባቸው። አለቀልኝ አልኩ። ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፉ። ሱፐርቫይዘሩ መጻፍ ጀመረ። ሦስት ሦስት ሰው ነው ያልኩት እኮ፣ አልኳቸው። ኩለኒ ተነሳች። ኩለኒ!

«ላኪ! አይደለም፣ ቲቸር። ከሹፌሩ ጎን ትርፍ አለ። ሃያ አንድ ሰሃን ከሆነ ሰባት ሰው ሳይበላ ሊመለስ ነው።»

ጠመኔውን ተቀበለችኝ። ከኋላ 7 × 3 = 21። ከፊት 7 × 1 = 7። ድምር 28። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ከሥሩ፦ 7 × 4 = 28። ሁለቱን ማባዛት እንዲህ ወደ አንድ መጠቅለልን አላስተማርኳትም። ለአራተኛ ክፍል ነበር ያስቀመጥኩት።

ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዛሬ ራሱ ከመናኸሪያ ትርፍ ሆኖ እንደመጣ አመነ። ሳቅ በሳቅ። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ሹፌሮቹስ አይበሉም ወይ ብለው 7 × 5 ላይ ደርሰዋል። እኔ ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ዞሬ አለቀስኩ። ኮራሁባቸው። በራሴም፣ ምን አሳፈረኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ 11 ሰዓት

ሒሳቡ የእኔ ነው! እንዲያውም ተረቶቼ ተጽፈው ለጌዶና ለባኮ ት/ቤቶች ይላኩ ተብሏል። ኦቦ ገመቹ ሲነግሩኝ ፊታቸው በርቶ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያው የእሳቸው የነበረ እስኪመስል። አንድ ነገር ብቻ አሉ። ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ ባጃጅ ትርፍ አይጭንም፤ ሦስት ተብሎ ይጻፍ።

ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። «በእያንዳንዱ ባጃጅ ____ ሰርገኛ ተሳፈረ።» ቁጥሩን ባዶ ትቼዋለሁ። የጌዶ ልጆች በዓይናቸው ያዩትን ይሙሉበት። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። ኦቦ ገመቹ ለምን ካሉኝ ኩለኒን አስጠራላቸዋለሁ።